አውት ናት ወይስ አይደለችም? የሶፍትቦልን አስቸጋሪ ሕጎች በቅደም ተከተል መፍታት

ሶፍትቦል ሜዳ ዳር ጭቅጭቅ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው "አውት ናት!" "አይደለችም!" የሚለው ነው። አውት የተባለች መቺ ወይም ሯጭ ከሜዳ ትወጣለች፤ ሦስት አውት ሲሞላ የመምታት ተራው ለሌላው ቡድን ያልፋል። ከዚያ በፊት ግን መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ኳሱ ሞቷል ወይስ አልሞተም? ማለትም ጨዋታው ቆሟል ወይስ ይቀጥላል? ይህ ሳይለይ ስለ አውት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ኳሱ ከሞተ በኋላ የተሮጠ ሩጫ አይቆጠርም። ካልሞተ ደግሞ ሁሉም ቆሞ ሲያይ አንዷ ሯጭ ቤዝ የሚባሉትን ማረፊያዎች ዞራ ነጥብ ልታስቆጥር ትችላለች፤ ሕጉም ከእሷ ጋር ነው።

ይህን የጻፍኩት በተለይ አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ቡድን ወይም በሰፈር ሊግ ለሚጫወቱ ወላጆች ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ከእግር ኳስ ጋር ነው። ልጅቷ ቤት ገብታ "ዛሬ ያለ አግባብ አውት አሉኝ" ስትል ምን እንደምንላት ይጠፋናል። ሕጉን ብናውቀው ከእሷ ጋር የምናወራው ይበዛል፤ ዳኛ ላይ መጮኹም ይቀንሳል።

ደረጃ 1፦ የትኛው ሶፍትቦል እንደሆነ ለዩ

የትምህርት ቤት ልጃገረዶች የሚጫወቱት ፋስትፒች ነው። ፒቸሯ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪዋ፣ ክንዷን አዙራ ኳሱን ከታች በኩል በኃይል ትለቀዋለች። ጎልማሶች ከሥራ በኋላ ፓርክ ውስጥ የሚጫወቱት ደግሞ በአብዛኛው ስሎውፒች ነው፤ ኳሱ ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ቀስ እያለ ይመጣል። ሕጋቸው በብዙ ቦታ ይለያያል። በስሎውፒች በንት (ባቱን፣ ማለትም መምቻውን፣ ሳይሰነዝሩ ኳሱን ቀስ ብሎ መንካት) መሞከር አውት ያስደርጋል፤ ፒች (ፒቸሯ የወረወረችው ኳስ) ቢመታችሁም አንደኛ ቤዝ አይሰጣችሁም። በብዙ ሊጎች ሁለት ስትራይክ (የከሸፈ የመምታት ዕድል፤ ሦስት ሲሞላ አውት) ካለባችሁ በኋላ ፎል (ከሜዳው የጎን መስመሮች ውጭ የሚሄድ ምት) መምታትም አውት ነው። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ የፋስትፒች ነው።

የሕግ መጽሐፉም አንድ ብቻ አይደለም። ዩኤስኤ ሶፍትቦል፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ፌዴሬሽን እና ኮሌጆችን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው። መሠረቱ ተመሳሳይ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ይለያያሉ። ሊጋችሁ በየትኛው እንደሚመራ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር አሠልጣኙን ጠይቁ።

ቤዝቦል የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በቤዝቦል ሯጩ ገና ፒች ሳይወረወር ከቤዝ ራቅ ብሎ መቆም ይችላል። በሶፍትቦል አይቻልም። ኳሱ ከፒቸሯ እጅ ሳይወጣ እግሯን ከቤዝ ያነሳች ሯጭ አውት ናት፤ ኳሱም ወዲያው ይሞታል፤ ፒቹም እንዳልተወረወረ ይቆጠራል። በሶፍትቦል ከቤዝ እስከ ቤዝ ያለው ርቀት 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ ነው። በትልቁ ቤዝቦል 90 ጫማ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ቀድሞ መነሳት ቢፈቀድ ካቸሯ (ከመቺዋ ኋላ ሆና ፒቹን የምትይዘው) ማንንም ልታስቀር አትችልም ነበር።

ደረጃ 2፦ ፒቹ ሳይወረወር ሦስት ነገር ያዙ

ስንት አውት አለ? የትኞቹ ቤዞች ላይ ሯጭ አለ? መቺዋ ስንት ስትራይክ አለባት? እነዚህን ሳትይዙ የተመለከታችሁትን ጨዋታ በኋላ መፍታት አትችሉም። ከታች የምታዩዋቸው ሕጎች ግማሾቹ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የቆሙ ናቸው። ሁኔታውን ከእያንዳንዱ ፒች በፊት በሹክሹክታም ቢሆን ለራሳችሁ ንገሩ፦ "አንድ አውት፣ አንደኛና ሁለተኛ ላይ ሰው አለ፣ ሁለት ስትራይክ።" ልጆቹም ሜዳ ውስጥ ጣታቸውን እያሳዩ ይህንኑ ነው የሚጮኹት።

ደረጃ 3፦ ኳሱ ሞቷል?

ወዲያው ከሚሞቱት እንጀምር። ሳይያዝ መሬት የነካ ፎል ይሞታል። ከሜዳው ወሰን የወጣ ወይም ዳግአውት (የተጫዋቾች መቀመጫ) ውስጥ የገባ ኳስ ይሞታል። መቺዋ እግሯ ሙሉ በሙሉ ከሳጥኗ (ለመምታት ከምትቆምበት የተሰመረ ቦታ) ውጭ መሬት ረግጦ፣ ወይም ሆም ፕሌትን (ሯጭ ስትረግጠው ነጥብ የሚቆጠርበትን የመጨረሻ ቤዝ) ረግጦ ሳለ ኳሱን ከነካችው አውት ናት፤ ኳሱም ይሞታል። የመታችው ፌር (በመስመሮቹ ውስጥ) ይሁን ፎል ለውጥ የለውም። ሁለት ስትራይክ እያለባት የሞከረችው በንት ፎል ከሆነም አውት ናት። የራሷ ምት ተመልሶ ከነካት ደግሞ የቆመችበትን እዩ። ገና ሳጥኑ ውስጥ ከሆነች ተራ ፎል ነው፤ ከሳጥኑ ወጥታ ፌር ሜዳ ላይ ከሆነች አውት።

ፒች መቺዋን ሲመታትም ኳሱ ይሞታል። እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይሰማል። "እጅ የባቱ አካል ነው" ይባላል፤ አይደለም። ኳሱ ባት ሳይነካ ጣቷን ከመታትና ካልሰነዘረች አንደኛ ቤዝ ይሰጣታል። ሰንዝራ ከሆነ ግን ስትራይክ ይቆጠርባታል። ኳሱ ከእጇ ላይ ነጥሮ ፌር ሜዳ ላይ ቢንከባለልም ሞቷልና ማንም መሮጥ የለበትም። ያ ስትራይክ ሦስተኛው ከሆነ ደግሞ አውት ናት፤ ወደ አንደኛ መሮጥ የለም። ፒቹ መጀመሪያ መሬት ነክቶ ነጥሮ ቢመታትም ያው እንደመታት ይቆጠራል።

አሁን ደግሞ ሞተ የሚባሉ ግን ያልሞቱትን እንይ። ፎል ሆኖ ወደ ላይ የወጣ ኳስ ከተያዘ መቺዋ አውት ናት፤ ኳሱ ግን አልሞተም። ሯጮች ቤዛቸውን ነክተው መሮጥ ይችላሉ። ከባቱ ጠርዝ ተነስቶ በቀጥታ ካቸሯ ጓንት ውስጥ ገብቶ የተያዘ ኳስ ፎል ቲፕ ይባላል። እሱም ስትራይክ ነው፤ አይሞትም፤ ቤዝ የምትሰርቅ (ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ የምትሮጥ) ሯጭ መንገዷን ትቀጥላለች። ተከላካይ የወረወረችው ኳስ ሯጭን ወይም ዳኛን ቢመታም፣ ሯጯ ሆን ብላ ካላደረገችው በስተቀር፣ ጨዋታው ይቀጥላል። መሬት የነካ ፒች መምታትም ይፈቀዳል።

ሦስተኛው ዓይነት ዘግይቶ የሚሞት ነው። ዳኛው ግራ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ እጁን ጨብጦ ሲቆም ካያችሁ ጥፋት አይቷል፤ ግን ጨዋታው እስኪያበቃ እየጠበቀ ነው። በእግር ኳስ ዳኛው አድቫንቴጅ ሰጥቶ እንደሚያስቀጥለው ማለት ነው። ያን ክንድ ስታዩ አትጩኹ፤ መጨረሻውን ጠብቁ። ለምሳሌ የካቸሯ ጓንት የመቺዋን ባት ከነካ ይህ ምልክት ይታያል። መቺዋና ሯጮቹ ሁሉ ቢያንስ አንድ ቤዝ ከተራመዱ ጥፋቱ ይረሳል። ካልሆነ አሠልጣኙ ይመርጣል፦ ወይ የጨዋታውን ውጤት ይቀበላል፣ ወይ መቺዋ አንደኛ ቤዝ ይሰጣታል።

ደረጃ 4፦ ተጋጭተዋል? መብቱ የማን ነበር?

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ሜዳ ዳር ቁጣ የሚነሳው በዚህ ነው።

አንድ ቦታና ሁለት ልጆች አስቡ። ሁለተኛ ቤዝ ላይ ያለችው ሯጭ ወደ ሦስተኛ ትሮጣለች። ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የምትጫወት ተከላካይ) መንገዷ ላይ ጎንበስ ብላ ቆማለች። መቺዋ የመታችው ኳስ በመሬት እየተንከባለለ ወደ ሾርትስቶፕ እየመጣ ነው። ሁለቱ ተጋጩ። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የሯጯ ነው። የተመታ ኳስ የምትይዝ ተከላካይ ቅድሚያ አላት፤ ሯጯ ዞራ ማለፍ ነበረባት። ይህ ኢንተርፌረንስ ይባላል። ኳሱ ወዲያው ይሞታል፣ ሯጯ አውት ትሆናለች፣ መቺዋ አንደኛ ቤዝ ይሰጣታል። ሯጯ የደብል ፕሌይ (በአንድ ጊዜ ሁለት አውት የማድረግ) ዕድል ለማበላሸት ብላ ከሆነ ሁለተኛ ሰውም አውት ሊባል ይችላል።

አሁን ያንኑ ግጭት እንደገና አስቡት። ሾርትስቶፕ እዚያው ቦታ ላይ ናት። ነገር ግን የተመታው ኳስ ወደ ቀኝ ሜዳ ሄዷል፤ እሷ እጇን ዘርግታ ውርወራ እየጠበቀች ነው፤ ኳሱ ገና አልደረሰም። ሁለቱ ተጋጩ። ጥፋቱ የሾርትስቶፕ ሆነ! ኳስ ያልያዘች፣ የተመታ ኳስም የማትይዝ ተከላካይ የሯጭ መንገድ መዝጋት አትችልም። ይህ ኦብስትራክሽን ነው። የዳኛው ግራ ክንድ ይወጣል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ሯጯ በተከለከለችባቸው ሁለት ቤዞች መካከል፣ ራሷ ሌላ ጥፋት ካልሠራች በስተቀር፣ አውት ልትሆን አትችልም። ዳኛው ባትከለከል ኖሮ ትደርስበት ነበር ብሎ የሚያምንበትን ቤዝ ይሰጣታል። "ኳሱ እኮ እየመጣላት ነበር" የሚለው ክርክር አይሠራም። ኳሱ እጇ ውስጥ መሆን አለበት። ሆም ፕሌት ላይ እግሯን ዘርግታ የምትጠብቅ ካቸርም በዚሁ ሕግ ትዳኛለች። ኳስ ሳይኖራት ታግ እንደምታደርግ፣ ማለትም ሯጯን በኳሱ እንደምትነካ፣ አስመስላ ሯጭ የምታደናግርም እንዲሁ።

ስለዚህ ግጭት ስታዩ ማን ማንን ገፋ ከማለት በፊት ዓይናችሁን ወደ ኳሱ አዙሩ። የተመታ ነው ወይስ የተወረወረ? ማን ጋ ነው?

የተመታ ኳስ ሯጭን ሲነካስ? ሯጯ ቤዝ ላይ ካልሆነች፣ ኳሱም ማንም ተከላካይ ሳይነካው፣ ከፒቸሯ ሌላ የውስጥ (ቤዞቹ አካባቢ የምትጫወት) ተከላካይም ሳያልፍ ከነካት አውት ናት። ኳሱ ይሞታል፤ መቺዋ አንደኛ ትቆማለች። ቤዟን ረግጣ ከቆመችና ሆን ብላ ካላደረገችው አውት አይደለችም። ኳሱ መጀመሪያ ተከላካይ፣ ለምሳሌ ፒቸሯን፣ ነክቶ አቅጣጫ ቀይሮ ከመታትም አውት አይደለችም፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ለልጃችሁ የሚጠቅማት ምክር አንድ ነው፦ በመሬት ከሚመጣ ኳስ ፊት አትሩጪ፤ ከኋላው እለፊ።

ደረጃ 5፦ ኢንፊልድ ፍላይ

ሁሉም ስሙን ሰምቷል፤ አብዛኛው ሰው ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሦስት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው። አውት ከሁለት በታች መሆን አለበት። አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ፣ ወይም ሦስቱም ቤዞች ላይ ሯጭ መኖር አለበት። ኳሱም ከፍ ብሎ የወጣ ፌር ምት ሆኖ፣ አንዲት የውስጥ ተከላካይ ብዙ ሳትቸገር ልትይዘው የምትችል መሆን አለበት። ቀጥ ብሎ የሚተኮስ ምት አይገባም፤ የበንት ሙከራም አይገባም። አንደኛ ቤዝ ላይ ብቻ ሰው ካለ ሕጉ የለም።

ሦስቱ ከተሟሉ ዳኛው "ኢንፊልድ ፍላይ፣ መቺዋ አውት!" ይላል። ኳሱ ተያዘም ወደቀም መቺዋ አውት ናት። ሕጉ የወጣው ተከላካይ ሆን ብላ ጥላ፣ ቤዛቸው ላይ ቆመው የሚጠብቁትን ሯጮች ሁለት አውት እንዳታደርጋቸው ነው።

የሚዘነጋው ግማሽ ይኸውና፦ ኳሱ አልሞተም። ሯጮች በራሳቸው ኃላፊነት መሮጥ ይችላሉ። መቺዋ አውት ስለሆነች ግን ማንም የመሮጥ ግዴታ የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት እንዲህ ነው። ኳሱ ከሾርትስቶፕ ጓንት ይወድቃል። ከሁለተኛ ቤዝ ያለችው ልጅ "ወደቀ!" የሚል ጩኸት ሰምታ ደንግጣ ወደ ሦስተኛ ትሮጣለች። ሾርትስቶፕ አንስታ ትወረውራለች፤ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ያለችው ተከላካይ ኳሱን ይዛ ትነካታለች፤ አውት። ባትንቀሳቀስ ምንም አትሆንም ነበር። በተቃራኒው ሦስተኛ ቤዝ ላይ ያለችው ተከላካይ ሯጯን ሳትነካ ቤዙን ብቻ ብትረግጥ አውት አይደለም፤ ፎርሱ፣ ማለትም ከኋላ ለሚመጣ ሯጭ ቤዝ ለመልቀቅ የመሮጥ ግዴታው፣ ጠፍቷልና።

ኳሱ መስመሩ አጠገብ ከሆነ ዳኛው "ፌር ከሆነ" ብሎ ይጨምራል። ማንም ሳይነካው ወድቆ ወደ ፎል ከተንከባለለና ፎል ሆኖ ከቀረ ተራ ፎል ነው፤ መቺዋ ትመለሳለች።

ደረጃ 6፦ ያልተያዘ ሦስተኛ ስትራይክ

ሦስተኛው ስትራይክ በካቸሯ በአግባቡ ካልተያዘ መቺዋ ወደ አንደኛ መሮጥ የምትችለው መቼ ነው? አንደኛ ቤዝ ባዶ ከሆነ ትችላለች። ሁለት አውት ካለ ደግሞ አንደኛ ቤዝ ላይ ሰው ቢኖርም ትችላለች። አውት ከሁለት በታች ሆኖ አንደኛ ላይ ሰው ካለ ወዲያው አውት ናት። አንዳንድ የትናንሽ ልጆች ሊጎች ይህን ሕግ አይጠቀሙበትም፤ ጠይቁ።

ሁለት አውት ኖሮ ሦስቱም ቤዞች ሲሞሉ ጥሩ ነገር ይታያል። ኳሱ ካቸሯ እግር ሥር ወድቋል። መቺዋ መሮጥ ስለጀመረች ሁሉም ሯጮች መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። ካቸሯ ወደ አንደኛ አትወረውርም። ኳሱን አንስታ ሆም ፕሌትን ትረግጣለች፤ ሦስተኛ አውት። ብዙ ልጆች ይህን ስለማያውቁ ተጣድፈው ወደ አንደኛ ይወረውሩና ኳሱ ወደ ቀኝ ሜዳ ያልፋል። ለካቸራችሁ ዛሬውኑ ንገሯት።

መቺዋ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ዳግአውት ከገባች ዕድሉ አልቋል። "ሩጪ!" ማለት ያለበት አሠልጣኙ ነው፤ እናንተ ግን ቤት ውስጥ አስተምሯት።

ደረጃ 7፦ ኳሱ ክቡ ውስጥ ሲገባ

ፒቸሯ የምትቆምበት በኖራ የተሰመረ ክብ አለ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 16 ጫማ ነው። ፒቸሯ ኳሱን ይዛ ክቡ ውስጥ ከቆመችና ለመወርወር ካልሞከረች፣ በቤዞች መካከል የቆመች ሯጭ ወዲያው መወሰን አለባት፤ ወደፊት ወይም ወደኋላ። ቆማ ብትወዛወዝ አውት ናት። አንዴ ወደ ቤዟ ከተመለሰች በኋላ እንደገና ብትለቅም አውት ናት። ኳሱም ይሞታል። ፒቸሯ ግን ለመወርወር ክንዷን ካነሳች፣ ማስመሰልም ቢሆን፣ ግዴታው ይነሳል፤ ሯጯ እንደፈለገች ትንቀሳቀሳለች።

ደረጃ 8፦ ሦስተኛው አውት ሲመጣ ነጥቡ ይቆጠራል?

ሁለት ዓይነት ሦስተኛ አውት አለ። መቺዋ አንደኛ ቤዝ ሳትደርስ አውት ከሆነች፣ ወይም ሦስተኛው አውት ፎርስ ከሆነ፣ ነጥብ አይቆጠርም። ሯጯ ሆም ፕሌትን ቀድማ ብትረግጥም አይቆጠርም። በሌላው ሁሉ ጊዜው ይታያል። ሆም ፕሌት ከአውቱ በፊት ከተረገጠ ነጥቡ ይመዘገባል።

ችግሩ ፎርስ የሚመስል ግን ፎርስ ያልሆነ ሲያጋጥም ነው። አንድ አውት አለ፤ አንደኛና ሦስተኛ ላይ ሯጭ አለ። ኳሱ ወደ ቀኝ ሜዳ ከፍ ብሎ ሄዶ ተያዘ፤ ሁለት አውት። ከሦስተኛ ያለችው ኳሱ ተከላካይዋን እስኪነካ ጠብቃ ሮጣ ሆም ፕሌትን ረገጠች። ከአንደኛ ያለችው ግን ኳሱ ሳይነካ ቀድማ ለቅቃ ነበር። ኳሱ ወደ አንደኛ ተወረወረ፤ ተከላካይዋ ቤዙን ረገጠች፤ ሦስተኛ አውት። ቤዝ ብቻ ስለተረገጠ ሰው ሁሉ ፎርስ ይለዋል። ግን መቺዋ በመያዙ አውት ሆናለች፤ ሯጯን ከኋላ የሚገፋት የለም። ስለዚህ ጊዜው ነው የሚታየው። ሆም ፕሌት ቀድሞ ተረግጧልና ነጥቡ ይቆጠራል። ውጤት የምትመዘግቡ ወላጆች ይህን በደንብ ያዙት።

ደረጃ 9፦ ኳሱ ከወሰን ሲወጣ ሯጮችን አስቀምጡ

ተከላካይ የወረወረችው ኳስ ከሜዳው ከወጣ ሁለት ቤዝ ይሰጣል። የሚቆጠረው ኳሱ ከወርዋሪዋ እጅ በተለቀቀበት ቅጽበት ሯጯ ከነበረችበት ነው። በተለቀቀ ጊዜ መቺዋ አንደኛ ካልደረሰች ሁለተኛ ይሰጣታል፤ አንደኛን አልፋ ከነበረ ሦስተኛ። ስለዚህ ዓይናችሁ ኳሱ በወጣበት ቦታ ላይ እንዳይቀር። ከወሰን የወጣው ፒች ከሆነ አንድ ቤዝ ነው። ተከላካይ ኳሱን እንደያዘች ሳታስበው ከወሰን ብትወጣም አንድ ቤዝ ነው። ቤዝ የተሰጣት ሯጭም በመንገዷ ያሉትን ቤዞች መርገጥ አለባት።

ደረጃ 10፦ መጠየቅ ካለባችሁ በጊዜው ጠይቁ

ሯጭ ቤዝ ሳትረግጥ ብታልፍ ወይም በተያዘ ኳስ ቀድማ ብትለቅ ዳኛው ቢያይም ዝም ይላል። ተከላካዮቹ አፒል ማድረግ፣ ማለትም ስህተቱን አመልክተው ውሳኔ መጠየቅ፣ አለባቸው። ኳሱ ሳይሞት ቤዙን መርገጥ ይቻላል፤ ከሞተ በኋላም አንዷ ተከላካይ ወደ ዳኛው ዞራ "ቁጥር 7 ከአንደኛ ቀድማ ለቅቃለች" ብላ መናገር ትችላለች። ይህ ሁሉ የሚቀጥለው ፒች ከመወርወሩ በፊት መደረግ አለበት።

ዳኛው ሕጉን በስህተት ተጠቅሟል ብሎ መቃወምም እንዲሁ ጊዜ አለው። አሠልጣኙ ታይም ጠይቆ በእርጋታ "ምን አዩ? በየትኛው ሕግ ወሰኑ?" ብሎ ይጠይቅ። ዳኛው ያየው ነገር፣ ማለትም ኳሱ ተያዘ፣ እግሯ ነካ፣ መንገዷ ተዘጋ የሚለው፣ አይከሰስም። ሕጉ የሚለውን በተሳሳተ መንገድ ተግባር ላይ ካዋለ ግን ከሚቀጥለው ፒች በፊት ተቃውሞ ማስመዝገብ ይቻላል። ይህን የሚያደርገው አሠልጣኙ ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ያለን ሰዎች የምናግዘው ደብተራችን ላይ አውቱን፣ ሯጮቹን እና ኢኒንጉን (ዙሩን) በትክክል ጽፈን ሲጠይቀን በማቀበል ነው።